ማነው እንዲህ ያደረገሽ?

ዛሬ 21ኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከግራ ዓይኔ ሥር ያለችው እብጠት በጣቴ ጫፍ ተሰማችኝ። አተር ብታክል ነው። የቀኙ ግን ጠፍቷል።

በቀዶ ሕክምና ያሠራሁት የዓይኔን ቆብ ነው። የላዩንም የታቹንም። የላዩ የአባቴ ውርስ ነው። እሱም በስተርጅናው ቆዳው ወርዶበት ሰው ለማየት አገጩን ቀና ያደርግ ነበር። እኔም ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ መኪና ስነዳ ቅንድቤን ሽቅብ ስስብ እየዋልኩ ማታ ራሴን ያመኝ ጀመር። ስለዚህ ለላዩ ምክንያት ነበረኝ። የታቹን ግን ለመልኬ ብዬ ነው ያሠራሁት። "አልተኛሽም እንዴ?" "አልቅሰሻል?" መባል ሰልችቶኝ ነው።

ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መሥሪያ ቤት "የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ" አልኩ። ለማኅበራችን ሴቶች ጉንፋን ነው አልኳቸው። እውነቱን የምታውቀው ታላቅ እህቴ ብቻ ነበረች። ከቨርጂኒያ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ወደምኖርበት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጣችልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሥራችን በረዶ ነበር። እህቴ አተር ከፍሪዘር እያወጣች በስስ ንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልልና ዓይኔ ላይ ታሳርፈዋለች። ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል፣ ሃያ ደቂቃ ይነሣል። ባዶ ቆዳ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። ቆዳው ገና ስለደነዘዘ ብርዱ ቢያቃጥለው እንኳ አይታወቅም። አተሩ ከበረዶ ድንጋይ የሚሻለው ስለማይከብድና ከዓይን ቅርጽ ጋር ስለሚሄድ ነው። ማታ በሦስት ትራስ ተደግፌ፣ የተቀመጥኩ ያህል ሆኜ እተኛለሁ። ራስ ከልብ ከፍ ሲል ፈሳሹ ፊት ላይ አይጠራቀምም። በሁለተኛው ሌሊት ግን እንቅልፍ ጥሎኝ ከትራሱ ተንሸራትቼ አደርኩ። ጠዋት ዓይኔ አልገለጥ አለኝ።

ምግቡም ተቀየረ። ጨው ውኃ ይይዛል፣ ውኃ ያሳብጣል። እህቴ አልጫ ሠራችልኝ፣ ጨዉን ለምልክት ያህል ብቻ ነካ አድርጋ። ቡናውን በር ዘግታ፣ መስኮት ከፍታ ነው የምትቆላው፤ ጭሱ ዓይኔ እንዳይገባ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ተከልክያለሁ፣ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ። የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢም እንደዚሁ። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር በማር የምውጠው ነጭ ሽንኩርት ግን ከመድኃኒት ይቆጠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሐኪሙን ብጠይቀው "እሱንም ለጊዜው ተዪው" አለኝ። እኔ መጠየቄ ጠቀመኝ። በሐኪም ትእዛዝ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ካላችሁ ግን፣ በገዛ ፈቃዳችሁ እንዳታቆሙ። መጀመሪያ ያዘዘላችሁን ሰው አነጋግሩ።

ከዚያ ሦስተኛው ቀን መጣ። እብጠቱ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መብራቱን አበራሁ። የላይኛው ቆቤ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ስፌቱ እብጠቱ ውስጥ ሰምጦ አይታይም። ከሥሩ እንደ ወይን ጠጅ በልዟል። ቀኙ የግራውን እጥፍ አክሏል። ደህና ፊቴን በገንዘቤ አበላሸሁት አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማልቀስ ደግሞ የባሰ ያሳብጣል። እህቴ ምንም ሳትለኝ መጥታ መብራቱን አጠፋችው።

ሌሊቱን ወደ ሐኪሙ ቢሮ ደወልን። ስልኩን ያነሣችው ነርስ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። ኃይለኛ ሕመም አለሽ? አንዱ ዓይን በድንገት አብጦ ወደ ውጭ ገፍቷል? በእያንዳንዱ ዓይን ጣት መቁጠር ትችያለሽ? አንዱን በእጄ ከልዬ በሌላው የእህቴን ጣቶች ቆጠርኩ። አራት። ሁለት። አምስት። ነርሷ "ሁለቱ እኩል አያብጡም፣ አይዞሽ" አለችኝ። ኃይለኛ ሕመም ቢኖር፣ ወይም አንዱ ዓይን በድንገት አብጦ ወደ ውጭ ቢገፋ፣ ወይም ጣት መቁጠር ቢያቅት ግን እስከ ጠዋት መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ከዓይን ኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ብርሃን ያሳጣል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱብኝ።

በአራተኛው ቀን የበለዘው ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ዓይኔ አካባቢ የነበረው ጥቁረት ጉንጬ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ መንጋጭላዬ። የፈሰሰ ደም ቆዳ ሥርም ቢሆን ቁልቁል ነው የሚሄደው። ሰውነት ያንን ደም ሲያፈርሰው መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በነጮቹ ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በእኔ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቢጫውን ያየሁት መስኮት አጠገብ ቆሜ ብቻ ነው። እኛ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ምልክቱ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ያለ ሰፊ ባርኔጣ አልወጣም።

በስድስተኛው ቀን ስፌቱን ለማስወጣት ከእህቴ ጋር ወጣን። ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ሊፍት ውስጥ ታች ፎቅ የሚኖሩ አንድ እናት ገቡ። ሰላም ሲሉኝ ጎንበስ አልኩ፣ መነጽሩ ሸርተት አለ። እጄን ያዙኝ። አለቀቁኝም።

"ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። "ማንም አልነካኝም እማማ" ስላቸው ጭራሽ አላመኑኝም። እኔ ጋ ነይ፣ ክፍል አለኝ፣ ማንም አይደርስብሽም ይሉኛል። ያኔ ነው የገባኝ። ይህንኑ ፊት ይዘው "ወድቄ ነው" ያሉ ስንት ሴቶች አይተው ይሆን? እኔ በገዛ ፈቃዴ ያመጣሁትን መበለዝ ስደብቅ፣ እሳቸው የእነዚያን ሴቶች ፊት ነው እኔ ላይ ያዩት። አንድም ተጨማሪ ውሸት መናገር አልቻልኩም። "ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ ነው። ለውበት" አልኳቸው። እህቴን አዩአት። እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው "እሰይ፣ ተመስገን" አሉ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። በማግስቱ ተልባ በጥብጠው በጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ።

ያን ሳምንት ለማኅበሩ ሴቶች አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁለቱ ዋጋውን ጠየቁኝ። አንዷ ተቀየመችኝ፣ ለምን ደበቅሽኝ ብላ። ልክ ናት።

የቀረችውን እብጠት ሐኪሙ ወራት ልትወስድ ትችላለች ብሎኛል። ያ ያስለቀሰኝ ትልቁ ቀድሞ ጎደለ፣ ትንሹ ቀረ።

ባለፈው እሑድ እማማን በራችን ላይ አገኘኋቸው። "መነጽርሽን አውልቂ እስቲ" አሉኝ። አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ መለሱት። ቀኙን አዩ። ግራውን አዩ።

"ይቺኛዋ ገና ናት" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ገና ናት" አልኳቸው።