ሁለቱ 80ኛ ቅጾች

በእኛ ሥራ ቤት «ዱብሌቴ» የሚባል ቃል አለ። ድርብ ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ ያለ ምክንያት ሁለት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው እንዲያ የሚባለው። ቦታ ይበላል፣ አቧራ ያጠራቅማል፣ አለቃ ያነጫንጫል።

የምሠራው ምዕራብ ጀርመን ውስጥ፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። ማጋዚን ይሉታል። መስኮት የለውም። መደርደሪያዎቹ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ናቸው፤ መሪ እየተዘወረ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የመጀመሪያ ሰሞን፣ መሐል ገብቼ ሳለ አንዱ ከወዲያ ጫፍ ቢዘጋብኝስ እያልኩ ጸሎት ሁሉ አደርስ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። ምሳዬን እዚያው የበላሁበት ቀንም አለ፤ ብቻ አለቃዬ አማርኛ አያነብም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ምድር ቤቱ ሊታደስ ሆነና «ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ድርቡን ልቀሙ» ተባልን። ለእኔ የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ረድፍ ደረሰኝ። ሥራው ብዙ ማሰብ አይፈልግም። ርዕስ፣ ቅጽ፣ ዓመት። ሦስቱ ከገጠሙ አንዱ ይወጣል፣ ዝርዝር ላይ ይጻፋል፣ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ካርቶን ውስጥ ይገባል። ካርቶኑን የአሮጌ ወረቀት መኪና መጥቶ ይወስደዋል።

ብዙ ማሰብ አይፈልግም ያልኩትን ያዙልኝ።

እዚያ ረድፍ ላይ ስሙ አንድ መስመር የሚሞላ መጽሔት አለ። «ባይትሬገ ሱር ጌሺሽተ ዴር ዶይቸን ሽፕራኸ ኡንት ሊተራቱር»። ለጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተበረከቱ ጥናቶች እንደ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ፔ ቤ ቤ» ነው የሚባለው። «ፔ» መሥራቹ ኸርማን ፓውል ነው። አንደኛው «ቤ» ሌላው መሥራች ቪልኸልም ብራውነ፣ ሁለተኛው «ቤ» ደግሞ የርዕሱ መነሻ ፊደል።

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያለው ቅጽ አንድ አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሁለት ይሆናል። 80ኛ ቅጽ፣ 1958። አጠገቡ ደግሞ 80ኛ ቅጽ፣ 1958። ርዕሱ ያው ነው። አሳታሚውም በዚህም ማክስ ኒማየር፣ በዚያም ማክስ ኒማየር። ልዩነቱ የአንደኛው ወረቀት ነጣ ያለ፣ የሌላው ቢጫ ማለቱ ብቻ። በኮምፒውተራችን ካታሎግም ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሥር ነበሩ። 20 ምናምን ቅጽ በአንድ ከሰዓት! ለአለቃዬ የነገርኩት በኩራት ነው። ቢጫዎቹን ሰብስቤ ሦስት ካርቶን ሞላሁ፤ ዝርዝሩ ላይ እኔም እሱም ፈረምን።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሌላ ከተማ የብድር ጥያቄ መጣ። እንዲህ ያለው ነገር የዕለት እንጀራችን ነው። አንድ ተመራማሪ የሚፈልገው ጽሑፍ እሱ ያለበት ቤተ መጻሕፍት ከሌለ ከእኛ ያስጠይቃል፣ እኛ ስካን አድርገን እንልካለን። ጥያቄው «ፔቤቤ 80፣ 1958» ይላል፤ በቅንፍ አንዲት ፊደል አለች፣ «ሃ»። የመደርደሪያ ምልክት መሰለችኝ። ወረድኩ፣ 80ኛውን ቅጽ አወጣሁ፣ የተባሉትን ገጾች ስካን አድርጌ ላክሁ።

በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። «የደረሰን ሌላ ጽሑፍ ነው።»

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጥራቱ ደብዝዞባቸው ይሆናል ብዬ እንደገና ስካን አደረግሁት። ያንኑ የተሳሳተ ጽሑፍ፣ አሁን በቀለም።

በሦስተኛው ራሱ ጠያቂው ጻፈ። ትሕትናው ያሳፍራል። ሁለት መስመር ነው፤ «የላካችሁልኝ ቱቢንገን ነው። እኔ የምፈልገው ሃሌ ነበር።» እኔ ደግሞ የሚኖርበትን ከተማ የነገረኝ መሰለኝ። የመላኪያ አድራሻው ተሳስቷል ብዬ ልጽፍለት ስል ነው አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደረገኝ።

አንዲት ባልደረባ አሉ፤ ያኔ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። በአፌ እንደ አገሩ ደንብ በቤተሰብ ስማቸው ነው የምጠራቸው፤ በልቤ ግን እትዬ ናቸው። ትውልዳቸው ምሥራቅ ጀርመን፣ እዚያው ሃሌ ነው። ኢሜይሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ አነበቡ፣ ዝም አሉ። ከዚያ «ካርቶኖቹ የት ናቸው?» አሉኝ።

«የቱ ካርቶን?» አላልኩም። ገብቶኛል።

ሁለታችንም በዕቃ ማውጫው ሊፍት ወረድን። ሊፍቱ ያን ቀን የሄደበትን ፍጥነት አልረሳውም፤ ቀንድ አውጣ ይሻላል። የጭነት በሩ ጋ ካርቶኖች ተደራርበዋል፤ አብዛኛው የሕግ መጽሐፍ ነው። መኪናው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ከፊሉን ወስዷል። ከታች ከተደረደሩት መካከል የራሴን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ሃሌ ሉያ አልኩ፤ የከተማዋ ስም ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ሁለቱ ካርቶን አለ። ሦስተኛው የለም። አምስት ቅጽ ሄዷል።

የተረፈውን በጋሪ እየገፋን ወደ ላይ ስንመልስ ነው እትዬ የነገሩኝ። አንዱን ቢጫ ቅጽ ገለጡና የርዕስ ገጹን ግርጌ በጣታቸው አሳዩኝ። ማክስ ኒማየር፣ ሃሌ። ነጩን ገለጡ። ማክስ ኒማየር፣ ቱቢንገን። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ሽፋኑን እንጂ ገጹን አንድም ጊዜ አልገለጥኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክስ ኒማየር ማተሚያ ቤቱን በሃሌ ያቋቋመው በ1870 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሃሌ በሶቪየቶች እጅ ወደቀች። የቤተሰቡ ወራሽ ኸርማን ኒማየር በ1949 ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ቱቢንገን ላይ ማሳተሙን ቀጠለ። ሃሌ የቀረው ድርጅት ደግሞ የሕዝብ ንብረት ተባለ፤ ስሙን ግን አልቀየረም። ከ1955 ጀምሮ ፔቤቤም ሁለት ሆነ። በሃሌው ላይ ቴዎዶር ፍሪንግስና ኤሊዛቤት ካርግ-ጋስተርሽቴት አዘጋጅ ሆነው ቀጠሉ። ሁለቱ ላይፕሲሽ ውስጥ የጥንታዊውን ከፍተኛ ጀርመንኛ መዝገበ ቃላት የሚሠሩ ሊቃውንት ናቸው። የቱቢንገኑ አዘጋጅ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊው ኸልሙት ደ ቦር ነበር። አዲስ ቁጥር ልጀምር ያለ የለም። ሁለቱም «እኔ ነኝ ዋናው» ብለው ከአሮጌው ቁጥር ቀጠሉ። የበርሊን ግንብ የተሠራው በ1961 ነው። ፔቤቤ ግንቡን በስድስት ዓመት ቀድሞት ተከፍሏል ማለት ነው። የሃሌው እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ወጥቶ ቆመ። የቱቢንገኑ መስመር ዛሬም አለ።

ስሙ አንድ ሆኖ ሲኖዶሱ ሁለት የነበረበትን የቤተ ክርስቲያናችንን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እኔም ለእትዬ ያልኳቸው ይህንኑ ነው። እስከ 2018 አዲስ አበባ አንድ፣ አሜሪካ አንድ። «ታዲያ የየትኛውን ካርቶን ጣላችሁ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ መጽሔት ማንበብ ጀመርኩ። መካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ አይገባኝም፤ የሰዎቹ ጠብ ግን ይገባኛል። አጠገቡ ባለው መደርደሪያ የሚቀመጠው፣ በዕድሜ የሚበልጠው ሌላ መጽሔት በ1841 ላይፕሲሽ ላይ ሞሪትስ ሃውፕት የመሠረተው ነው። እሱም እስከ ዛሬ ይወጣል። ሃውፕት የጥንት ጽሑፎች ታላቅ ሊቅ የነበረው የካርል ላኽማን ተከታይ ነበር። በ1849ኙ የፖለቲካ ግርግር እጁን አስገብቷል ተብሎ በ1851 ከማስተማር ተባረረ። አብረውት ከተባረሩት አንዱ ቴዎዶር ሞምዘን ነው፤ በኋላ በ1902 የኖቤል ሽልማት በሥነ ጽሑፍ የወሰደው። ሃውፕት ሥራ አጥቶ አልቀረም። በ1853 በርሊን ላይ የሟቹን የላኽማንን ወንበር ተረከበ።

ፓውልና ብራውነ ደግሞ ላይፕሲሽ የተማሩ ወጣቶች ናቸው። የፔቤቤ የመጀመሪያ ቅጽ ሃሌ ላይ በ1874 ሲወጣ ፓውል 30 አልሞላውም፤ ብራውነ 24 ዓመቱ ነው። የበርሊን ሰዎች የላኽማንን ቃል እንደ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ የላይፕሲሾቹ አይዋጥላቸውም። ትልቁ ጠብ የኒበሉንገን መዝሙር ላይ ነው። ይህ በ1200 ገደማ የተደረሰ ግጥም ነው፤ የዘንዶ ገዳዩ የዚግፍሪትና ደሙን የምትመልሰው የሚስቱ የክሪምሂልት ታሪክ። ሦስት ዋና የብራና ቅጂዎች አሉት፤ «አ»፣ «ቤ»፣ «ሴ» ይባላሉ። ላኽማን ሙኒክ ያለው «አ» ነው ወደ ምንጩ የሚቀርበው አለ። ሌሎች ተነሥተው የለም፣ «ሴ» ነው አሉ፤ ከእነሱ አንዱ የላይፕሲሹ መምህር ፍሪድሪኽ ሳርንከ ነበር። ብራውነ በ1900 በፔቤቤ 25ኛ ቅጽ ላይ፣ ከገጽ 1 እስከ 222፣ የቅጂዎቹን ዝምድና አንድ በአንድ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ ስዊዘርላንድ፣ ዛንክት ጋለን ያለውን «ቤ» አስቀደመ። ያም ቢሆን አልጸናም፤ በ1963 ኸልሙት ብራከርት የሚባል ተመራማሪ ብራውነ ለቅጂዎቹ ያወጣውን የዘር ሐረግ ናደው።

ያንን 25ኛ ቅጽ እጄ ላይ ይዤ ራሴን ታዘብኩት። ሰውየው ተመሳሳይ የሚመስሉ ብራናዎችን ለመለየት 222 ገጽ ጻፈ። እኔ የእሱኑ መጽሔት ሁለት ቅጽ ለመለየት አንድ ገጽ አልገለጥኩም። አያቴ እንኳን፣ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ የደብራቸው ተአምረ ማርያምና የጎረቤት ደብር ተአምረ ማርያም አንድ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ጸሐፊው ይለያያል፣ የጨመረው ይለያያል፣ በኅዳግ የተጻፈው የርስት ስምምነት ይለያያል።

አለቃዬ የፈራሁትን ያህል አልተቆጣም። ዝርዝሩ ላይ የእሱም ፊርማ ስላለ ይመስለኛል። የጠፉትን አምስት ቅጾች ግን ፈልጊ ተባልኩ። ሦስቱን ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ገዛን። አራተኛው የመጣው በምሥራቅ በኩል ካለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። እነሱም ድርብ እየለቀሙ ነበርና በነጻ ላኩልን። ከመቀበሌ በፊት የርዕስ ገጹን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። ሳይገርማቸው አልቀረም። አምስተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በእሱ ፈንታ ፎቶ ኮፒ አስጠርዘን አስቀምጠናል፤ ከሁሉም ወፍራም እሱ ነው።

ያን ጊዜ ለጠያቂው ትክክለኛውን ላክሁ። ሁለቱ መጽሔቶች አሁን ካታሎጉ ላይ ለየብቻ መዝገብ አላቸው። የሃሌዎቹ ጀርባ ላይ እትዬ በቀይ እስክሪብቶ የጻፏት «ሃ» አለች። ደንቡ ምልክት በማሽን ታትሞ ይለጠፍ ይላል። ጡረታ ሊወጡ ነው ብለን ዝም አልን። እኔም ድርብ ስለቅም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጽሑፍ ርዕስ ሳላመሳክር ካርቶን አልነካም። ሥራው እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል፤ አለቃዬም ይህንን በየስብሰባው ያነሣል።

ባለፈው ወር አንድ ጥያቄ መጣ። «ፔቤቤ 80፣ 1958» ይላል፣ ከዚያ የገጽ ቁጥር። የደራሲው ስም የለም፣ የጽሑፉ ርዕስ የለም፣ ቅንፍም የለም። የትኛው ነው ብዬ ጽፌ መልስ ጠበቅሁ። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወርጄ ሁለቱንም ስካን አድርጌ ላክሁለት።