ቀረጥ ሲጣል ላኪው ዋጋውን እንዴት ያወጣል?

አንድ አገር በሚያስገባው ዕቃ ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጣለ እንበል። 100 የነበረው ዕቃ ገዢው ዘንድ 120 ሆኖ ይደርሳል። ገዢው በድሮው ዋጋ ካልሆነ አልወስድም ሲል፣ ላኪው ከ100 ላይ 20 አንስቶ በ80 ልሽጥ ሊል ይችላል። ይሄ የሒሳብ ስህተት ነው። ቀረጡ የሚሰላው በተቀነሰው ዋጋ ላይ ስለሆነ 100 ለ1.2 ተካፍሎ 83.33 ይበቃ ነበር። ወጪው 80 ለሆነ ድርጅት ልዩነቷ ያለችው ትርፍ በሙሉ ናት። በ95 ቢሸጥ ደግሞ ገዢው ዘንድ 114 ይደርሳል፤ ዋጋው የቀነሰው በ5 በመቶ ቢሆንም ትርፉ በሩብ ይወርዳል።

ምን ያህል መቀነስ እንደሚያዋጣ የሚወስነው በዋናነት ተፎካካሪው ነው። ቀረጡ አንድን አገር ብቻ ከነካ፣ የዚያ አገር ላኪ ቀረጡን ከኪሱ ለመሸፈን ወይም ገበያውን ለመልቀቅ ሊገደድ ይችላል፤ ያልተነኩት ደግሞ ዋጋቸውን ቀስ አድርገው ከፍ ያደርጋሉ። ሁሉንም እኩል ከነካ ግን አብዛኛው ጭማሪ ወደ ገዢው ያልፋል፣ የአገር ውስጥ አምራቹም አብሮ ይጨምራል። አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. በልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ቀረጥ ስትጥል ማድረቂያዎቹም ተወደዱ። በማድረቂያ ላይ የተጣለ ቀረጥ አልነበረም፤ ሁለቱ በጥንድ ስለሚሸጡ ሻጮቹ ጭማሪውን አከፋፈሉት።

ኮታ ሌላ ነገር ነው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን መኪና በዓመት 1.68 ሚሊዮን ላይ ስትገድብ፣ የተገደበው ቁጥር እንጂ ዋጋ አልነበረም። ስለዚህ አምራቾቹ ተለቅ ያለና የተሟላ መኪና እየላኩ ከእያንዳንዱ የሚያገኙትን ጨመሩ። በቀረጥ ጊዜ ወደ ጉምሩክ የሚገባው ገንዘብ በኮታ ጊዜ የኮታውን ፈቃድ በያዘው ሰው ኪስ ይገባል። ኮታ ከቀረጥ ይሻላል የሚል ነባር ላኪ ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድርሻው ባለፉት ዓመታት ሽያጭ ከተከፋፈለ አዲስ ላኪ በርካሽ ዋጋ እንኳ ቦታ አያገኝም።

በመቶኛ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በቁርጥ መጠን የሚጣል ቀረጥ ደግሞ ርካሹን ይጎዳል፦ 10 ብር ቢሆን ለ20 ብር ዕቃ 50 በመቶ፣ ለ100 ብር ዕቃ 10 በመቶ ነው።

ዋጋ ከመቀነስ በፊት ግን የአገር ቤት መሸጫችሁን እዩ። የመላኪያው ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ የዳምፒንግ ክስ ሊከተል ይችላል። በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት፣ ልዩነቱ ከመላኪያው ዋጋ 2 በመቶ ካልሞላ ምርመራው ይዘጋል። የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ ከተጣለ በኋላ ዋጋ ቀንሶ ቀረጡን መዋጥም አያዋጣም፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሲደርስበት ጉዳዩን ዳግም ከፍቶ ቀረጡን ሊጨምር ይችላል።