ባት ለመሥራት ማሽን አያስፈልግም

ጂም የጀመረ ሰው ሁሉ ደረትና ክንድ ላይ ይረባረባል፣ ባትን የሚያስታውሰው የለም። ቁምጣ ሲለበስ ነው ጉዱ የሚወጣው!

ለጀማሪ የምመርጠው አንድ ነው፤ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት። ባት ሁለት ዋና ጡንቻ አለው። ላዩ ላይ ያለው፣ ያ ጎልቶ የሚታየው፣ ከጉልበት በላይ ስለሚነሳ ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል። ከሥሩ ያለው ግን ጉልበትን አይሻገርም። ስለዚህ ተቀምጠህ ስትሠራ ዋናው ሥራ የእሱ ይሆናል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ሁለቱን አሠራር ለ12 ሳምንት አወዳድሮ ነበር፤ ቆሞ መሥራት የላዩን ጡንቻ በጣም አብልጦ ሲያሳድግ፣ በሥረኛው ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም።

ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርህ የፊት ክፍል ቁም፣ ግድግዳ ያዝ፣ ባትህ እስኪወጠር ተረከዝህን ቀስ ብለህ አውርድ፣ እዚያ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ እስከ ላይ ውጣ። መንጠር የለም። (ክብደት ቆልሎ ሁለት ጣት የማትሞላ የሚንቀሳቀስ ሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል።) በሁለት እግር 15 ጊዜ ሲቀልህ ወደ አንድ እግር ሂድ፣ ዳምቤሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያሳቅቃል፣ ያለ ነው። የተረከዝ ጅማትህን የሚወጋ ሕመም ከተሰማህ ግን አቁም።