አማርኛ በብራውዘር ጌም ውስጥ፦ ሳጥኑ ከየት ይመጣል?

ኤዲተሩ ውስጥ አማርኛው ኩልል ብሎ ይታያል። ጌሙ ወደ ዌብ ወጥቶ በብራውዘር ሲከፈት ግን «ጀምር» የነበረው ቁልፍ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚረገመው ፊደሉ ነው፤ «ግዕዝ ለጌም ኤንጂን (ለጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ይከብዳል» ይባላል። አይከብድም። የዐረብኛ ፊደል ጎረቤቱን እያየ ቅርጹን ይቀያይራል፣ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ፤ የሂንዲው አናባቢ ከፊትም ከኋላም ይለጠፋል። የእኛ «ጭ» ግን አናባቢዋን በሆዷ ይዛ የመጣች አንድ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ቁጥር፣ አንድ ሥዕል ናት። የፊደላችን ዋናው የቁጥር ክልል በአሥር ቤት ሲቆጠር ከ4608 እስከ 4991 ነው፤ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ችግሩ የሚመጣው ፎንቱ ሳይደርስ ሲቀር ወይም ተጫዋቹ የጻፈውን ጌሙ በትክክል ሳያነበው ሲቀር ነው።

ሳጥኑን ጎዶት ከሚባለው ኤንጂን እንጀምር። ጎዶት 4 ይዞት የሚመጣው ፎንት የኢትዮጵያ ፊደል የለውም። ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ ላይ ስትሠሩ የጎደለውን ፊደል ከኮምፒውተሩ ፎንቶች ይበደራል፤ ስለዚህ ምንም የጎደለ አይመስልም። ዌብ ላይ ግን የሲስተም ፎንት ማግኘት አይችልም። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ የቴም ክፍል ጋ ከስተም ፎንት አድርጎ መምረጥ ነው። ሁለቱም ፎንቶች ነጻ ፈቃድ አላቸው። በዚያው የፎንቱን ኢምፖርት ክፈቱና «አላው ሲስተም ፎልባክ» የሚለውን አጥፉት። ከዚያ በኋላ የጎደለ ፊደል ካለ እናንተው ኮምፒውተር ላይም ሳጥን ይሆናል፤ ተጫዋቹ ሳያየው እናንተ ብታዩት ይሻላል።

ሌላው ኤንጂን ዩኒቲም በዌብ ላይ ያው ነው። የዩኒቲን የጽሑፍ መሣሪያ፣ ቴክስትሜሽ ፕሮን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ፎንት አሴት ክሪኤተር ላይ «ከስተም ሬንጅ» መርጣችሁ 32-126 እና 4608-4991 አስገቡ። የመጀመሪያውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ያኔ ፊደሉ መጥቶ ክፍት ቦታውና አኃዙ ከፎንቱ ይጎድላል።

ያለ ኤንጂን በካንቫስ (ብራውዘሩ በሚስልበት ገበታ) ወይም በፌዘር (በጃቫስክሪፕት የጌም ማዕቀፍ) ለሚሠራ ሰው ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ካንቫስ ሥዕል ነው። ፎንቱ ሳይደርስ ከጻፋችሁበት ባገኘው ፎንት ይጽፍና ያንኑ እንደያዘ ይቀራል፤ ፎንቱ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ቢመጣም ራሱን አያድስም። ስለዚህ የብራውዘሩን የፎንት መጫኛ ትእዛዝ፣ «ዶክዩመንት ፎንትስ ሎድ»ን፣ ጠርቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ትእዛዙ ሁለተኛ ግብዓት እንዳለው ነው፦ የሚጻፈው ጽሑፍ ናሙና። ካልሰጣችሁት ናሙናው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነው። በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ፎንቱ «ለዚህ የፊደል ክልል ብቻ» ተብሎ ከተወሰነና ክልሉ ክፍት ቦታን ካልያዘ፣ ብራውዘሩ «ይህ ፎንት አያስፈልግም» ብሎ ሳያወርደው «ጨርሻለሁ» ይላል። ስሕተት አይጽፍም፣ ኮንሶሉም ዝም ነው። ሁለተኛው ግብዓት ላይ አንዲት «ሀ» ጣል ብታደርጉ ነገሩ ያልቃል።

የፋይሉን መጠን ለመቀነስ የፓይዘኑ ፎንትቱልስ ይበቃል፤ ፊደል ቆራጩ የሚፈለጉትን ብቻ አስቀርቶ ወደ ዎፍ 2፣ ወደ ተጨመቀው የዌብ ፎንት ዓይነት፣ ይቀይራል (ብሮትሊ የሚባለው መጭመቂያ ካልተጫነ ይህ የመጨረሻው ደረጃ እምቢ ይላል)። የጌሙ ጽሑፍ ሁሉ የታወቀ ከሆነ የጽሑፉን ፋይል ሰጥታችሁት በውስጡ ያሉትን ፊደሎች ብቻ እንዲያስቀር ማድረግ ይቻላል። ተጫዋቹ ስሙን የሚጽፍበት ቦታ ካለ ግን ይህን አታድርጉ። «ጴጥሮስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይመጣል፤ የትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ቐ» ይፈልጋል። ሙሉውን ክልል መተው ነው።

ቢትማፕ ፎንት (ፊደሎቹ ሁሉ አንድ ሥዕል ላይ የተደረደሩበት) የምትጠቀሙ ደግሞ ቦታውን አስቀድማችሁ አስሉ። ለ32 ፒክስል ፊደል ከነክፍተቱ 36 በ36 ብንይዝ፣ 512 በ512 የሆነ ሥዕል 196 ፊደል ይይዛል። ለእንግሊዝኛው 95 ምልክት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ የእኛ ክልል ግን 358 የተመደበ ምልክት አለው። ወደ 1024 በ1024 ስታሳድጉት 784 ቦታ ይገኛል፤ ሁለቱም ፊደል ገብቶ ይተርፋል፣ የሚወስደውም 4 ሜጋባይት የጂፒዩ (የሥዕል ማቀነባበሪያው) ሚሞሪ ነው። ፊደሉን 64 ፒክስል ካላችሁ 2048 በ2048፣ ማለትም 16 ሜጋባይት ይጠይቃል፤ ለርካሽ ስልክ ይህ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በየቅጽበቱ ለሚቀየር ነጥብና ሰዓት ቢትማፕ ይሻላል። የፌዘር ተራ ጽሑፍ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ተስሎ ወደ ጂፒዩ ይጫናልና።

ሥርዓተ ነጥብም አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው። ዓይን አይለየውም፣ ኮዱ ግን ይለየዋል፦ «።» 4962 ናት፣ «፡» 4961። ፊደል በፊደል እየታየ የሚሄድ ንግግር ላይ አራት ነጥቡ በሁለት ምት ይወጣል፤ ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ኮድም ይስታል። ሌላው ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ መተው ነው። ኤንጂኖች መስመር የሚሰብሩት ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ «።» ብቻዋን ወርዳ መስመር ትጀምራለች። ጽሑፉ ሲጫን ሁለቱንም ማረም የሁለት መስመር ኮድ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መጻፉ። ካንቫስ የስልክ ኪቦርድ አያስነሳም፤ የማይታይ የጽሑፍ ሳጥን ከላዩ አስቀምጡና ተጫዋቹ በነካበት ቅጽበት ፎከስ ስጡት። የሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ገጹን ያጎላዋል። የቁልፍ ምት መስማት አንድሮይድ ላይ አያዋጣም፤ ለአብዛኛው ቁልፍ የሚመጣው 229 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ደግሞም በላቲን ድምፅ የሚጻፍበት ኪቦርድ መጀመሪያ «ስ» ያስገባና አናባቢው ሲነካ ወደ «ሰ» ይቀይራታል። ፊደል እንደመጣ የሚቀበል የቃል ጌም «ስ»ን ቆጥሮ ሙከራ ያቃጥላል። መልሱን ተጫዋቹ «ላክ» ሲል ከሳጥኑ ውስጥ በሙሉ አንብቡት።

የራሳችሁን ኪቦርድ ብትሠሩ ግን የበለጠ ደስ ይላል፣ ፊደላችንም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። 34ቱን ግዕዝ በ7 ዓምድና በ5 ረድፍ ደርድሩ። 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስልክ እያንዳንዱ ቁልፍ 51 ፒክስል ያገኛል፤ ለአውራ ጣት በቂ ነው። «በ» ሲነካ ከላይ ሰባቱ ከበ እስከ ቦ በአንድ ረድፍ ይመጣሉ። «ቧ»ን የመሳሰሉትን ስምንተኛ ዓምድ ላይ ከማጨናነቅ ሁለተኛ ረድፍ ብትሰጧቸው ይሻላል።

ከዚያ «ፀሐይ» ትመጣለች። አንዱ ጸሀይ፣ ሌላው ፀሀይ ይላታል፤ ሁሉም ትክክል ሊባልለት ይገባል። ዩኒኮድ ለአንድ ቤት ስምንት ቦታ ስለሰጠ የሚያስፈልገው መቀነስና መደመር ነው፦ ከፀ ቤት 8 ቀንሱ ጸ ይሆናል፣ ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128 ቀንሱ ሀ፣ ከዐ ቤት 48 ቀንሱ አ፣ በሠ ቤት ላይ 16 ደምሩ ሰ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ሂሳቡን በመጀመሪያዎቹ ሰባት ፊደሎች ላይ ብቻ ሥሩት፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ ያሉት አይገጣጠሙም። በ«ፀ» ቤት ስምንተኛዋ ላይ ብትቀንሱ «ፇ» ወደ «ጿ» ትለወጥባችኋለች። ይህ ሁሉ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ተጫዋቹ የጻፈው እንደጻፈው ይታይ።