አቡነ ዮሴፍ ላይ የቀመስኩት አበባ

ኅዳር 2017 ላይ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ቀበሮ ነው። ቀጭን አፉን አንድ ረጅም፣ ከላይ ቀላ ከታች ቢጫ ያለ አበባ ላይ አስጠግቶ ምላሱን አውጥቷል። ሥጋ በል አውሬ የአበባ ወለላ ሲልስ! ጓደኛዬን የገረመው ቀበሮው ነው። እኔን ክው ያደረገኝ ግን አበባው ነው። አውቀዋለሁ። ቀምሼዋለሁም። ያውም ቀበሮ ልይ ብዬ በሄድኩበት ተራራ ላይ።

ጉዞው መስከረም 2012 ነበር። ከደሴ በሚኒባስ ተነሣን። ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ምሳ በላን። ከወልድያ ወደ ድልብ ሲወጣ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በየመታጠፊያው «ያ ረቢ!» ሲሉ፣ ሾፌሩ በመስታወት እያያቸው «አብሽሩ እማማ፣ አብሽሩ» ይላል። ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ታጠፍን። ስንደርስ መሽቶ ነበር። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አልጽፍም። ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈውባቸዋል፤ የእኔ ጉዳይ ደግሞ ከከተማው በላይ ነበር።

አቡነ ዮሴፍ ከላሊበላ አናት ላይ ያለው ተራራ ነው። ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ወሎ ውስጥ ቀይ ቀበሮ የሚገኝባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ይህ ተራራ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ሁሉም እኛው አገር ነው ያሉት። ይህን ቁጥር የሰማሁ ቀን ነው «አንዱንማ ሳላይ አልቀርም» ያልኩት።

አስጎብኚዬ ሃምሳን የተሻገሩ የላስታ ገበሬ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕቃችንን በቅሎ ላይ ጭነው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ቀደሙ። እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያደግኩት፤ ዳገት አያሸንፈኝም ብዬ ነበር። አሸተን ማርያም እስክንደርስ እውነትም አላሸነፈኝም። ከዚያ በኋላ ግን ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። አሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ። ሥዕል እንደሚያነሳ ሰው ስልኬን አወጣለሁ። ጋሼ ገብቷቸዋል፤ ዝም ብለው ቆመው በቅሎዋን ይደባብሳሉ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን መጀመሪያ ያየሁት እንዲህ ቆሜ ሳለከልክ ነው። መቶ ያህል ይሆናሉ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ በመቀመጫቸው ዘፍ ብለው ሣር ይለቅማሉ። መልቀም ነው በትክክል። ምስር ትሪ ላይ ዘርግታ ጠጠር የምታወጣ ሴት አይታችኋል? ጣቷ ከዓይኗ ይፈጥናል። ጭላዳም እንዲሁ ነው። በሁለት ጣቱ አንዷን ቅጠል ነጨት፣ ነጨት፣ ነጨት ያደርግና እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ። አካባቢውን ሲጨርስ ሳይነሳ፣ በመቀመጫው ተንፏቆ ትንሽ ወደፊት። ከዝንጀሮ ወገን ሣር ዋና ምግቡ የሆነ እሱ ብቻ ነው የቀረው። የዘመዶቹ አጥንት ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ፣ እስከ ህንድም ተገኝቷል። ሌሎቹ ሁሉ ጠፉ። ይህ አንዱ እዚህ ገደል ላይ ተቀምጦ ሣሩን ይለቅማል።

እኔ እያለከለኩ፣ እነሱ ደግሞ እንዲያ ተዝናንተው መቀመጣቸው ትንሽ አናዶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የጭላዳ የዘር ካርታ ጥናት ታትሞ ሳነብ መልሱን አገኘሁ፤ ግማሹን ልበል። ተመራማሪዎቹ የስሜን ጭላዳዎችን ሲያጠኑ ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን በመያዝ ከቆላ ዝንጀሮ የተለየ ሆኖ አላገኙትም። የደረታቸው ዙሪያ ግን ሰፋ ያለ ነው። አየሁ፤ ችግሩ ደረቴ ነበር።

ማታ የአካባቢው ሰዎች በጋራ በሚያስተዳድሩት ማረፊያ አደርን። ስለ ብርዱ ብዙ አላወራም። ጋቢ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ የጋሼ በርኖስ። የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስለ እህል ዋጋ አወራን፤ ስለ ቀበሮ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ከጅብራዎቹ፣ ከእነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች መሀል ደረስን። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ፀሐይ ፊት ተቀምጠው ደረታቸውን ይሞቃሉ። አንድ የአሥር ዓመት ግድም እረኛ በጎቹን ነድቶ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ጋሼን ሰላም አለና እኔን በዝምታ ይመረምረኝ ጀመር።

«ያው» አለ ድንገት፣ በአገጩ እየጠቆመ።

ምንም አልታየኝም። ጭላዳ፣ ጭላዳ፣ ድንጋይ፣ ጭላዳ። ከዚያ ከጭላዳዎቹ አንዱ ዝንጀሮ አለመሆኑን አየሁ። ረጅም ቀጭን እግር፣ የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጅራት። ቁመቱ ከመንደር ውሻ ብዙም አይበልጥም። ራሱን ዝቅ አድርጎ በመሀላቸው ቀስ እያለ ይሄዳል። አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች ከሁለት ክንድ ርቀት አለፋት። ቀና ብላ አየችው፤ ወደ ሣሯ ተመለሰች። በቃ።

«አይፈሩትም?» አልኩ።

«ውሻ ቢሆን ይኸኔ ሁሉም ገደል ገብተዋል» አሉ ጋሼ። «ይሄን ለምደውታል። እሱ የሚፈልገው አይጥ ነው።»

ቀበሮው ቆመ። ጆሮዎቹ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሩ። የፊት እግሩን አንስቶ ሳያሳርፈው ቆየ፤ እኔም አብሬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ወደ ላይ ዘሎ አፉን ሣሩ ውስጥ ቀበረ። ባዶ። ወዲያው ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ አያፍር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ አንድ ጥቁር ነገር አፉ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። ፎቶ ላነሳ ስል የካሜራው ባትሪ በብርዱ ሞቷል። ብብቴ ውስጥ ማሳደር እንደነበረብኝ የሚያውቅ ሰው ለካ በየቦታው አለ፤ የነገሩኝ ግን ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ነገር የተጠና ነገር እንዳለ አስቀድሜ አንብቤ ነበር። መንዝ ጓሳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል ይላል። ለብቻው ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲረብሹት አይጦቹ ይወጡለት ይሆናል፤ ወይም አይጦቹ በእንስሳ ብዛት ተደናግረው ቀበሮውን ለይተው አያዩትም። ብቻ ያዋጣዋል። እና ይህን ጥቅሙን ላለማጣት ይመስላል፣ በቀላሉ ሊነጥቀው የሚችለውን የጭላዳ ግልገል አይነካም ማለት ይቻላል። እኔ ያን ጠዋት ቁጥሩን በጭንቅላቴ ይዤ አንድ፣ ሁለት እያልኩ የምቆጥረው ለዚህ ነበር። ዓይኔ ሁሉ አይጥ ላይ ነው።

ልጁ በዚህ መሀል ሰልችቶታል መሰለኝ፣ ዘወር ብሎ ከጀርባችን ካለው ረግረግ መሬት አንድ አበባ ይዞ መጣ። ዘንጉ ክንዱን ያክላል። ጫፉ ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ትንንሽ ቱቦዎች ተደራርበዋል፤ የላይኞቹ ቀይ፣ የታችኞቹ ቢጫ። አንዷን ነቀለና ሥሯን ጠባ ጠባ አድርጎ ወረወራት። ሌላ ነቀለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አሸንዳ።»

እኔ አሸንዳ ሲባል የማውቀው ነሐሴ 16 ሲደርስ የላሊበላ ልጃገረዶች ለአሸንድዬ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ረጅም ቅጠል ነው። አበባው እንዲህ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም።

«እንኩ፣ ይቅመሱት» አለኝ።

ጠባሁት። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ምላሴ ጫፍ ላይ ቀጭን ጣፋጭ ነገር መጣ፤ ስኳር በብዙ ውሃ የተበጠበጠ ዓይነት፣ ትንሽ የቅጠል ሽታ ያለው። ሁለተኛው ይሻላል። አምስት ስድስት ያህል ጠባሁ። ጣቴ ላይ ቢጫ ዱቄት ቀረ፤ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ልጁ አፍንጫዬን አይቶ ሳቀ። እዚያም ነክቶኛል።

ቀበሮው ወዲያ ማዶ ወደ ሌላ የአሸንዳ ቁጥቋጦ ሲገባ አየሁት። ዘንጎቹ ሲነቃነቁ ትዝ ይለኛል። ምን ሊያደርግ እንደገባ ግን አልተከታተልኩም። እኔ በዚያ ሰዓት ልጁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን እጠይቀው ነበር፤ በግ ይበላል ወይ? «ግልገል አልፎ አልፎ» አለ። ውሾቻችሁስ ተከትበዋል ወይ? ይህኛው ጥያቄ እንኳ ከንቱ አልነበረም። ቀይ ቀበሮን በዋናነት የሚጨርሰው ከእኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ሸፍነው ለቀበሮዎቹ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ልጁ ግን ስለ ክትባት አልሰማም። ውሻውን «አንበሳ» ነው የሚሉት፤ አይታመምም አለኝ።

ጉዞው እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ወረድን። ጉልበቴ ለሳምንት አመመኝ።

እና ኅዳር 2017። ከፎቶው ጋር የመጣውን አነበብኩ። ጥናቱ ባሌ ላይ ነው። ቀበሮዎቹ የአሸንዳን ወለላ ይልሳሉ፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። ግልገሎቻቸውንም ወደ አበባው ማሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጅ ከወላጁ ሳይማር አይቀርም ይላሉ። ሲጨርሱ አፍንጫቸው በቢጫ ዱቄት ተለቅልቋል። ያ ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ከተጓዘ ቀበሮው የንብ ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አበባው በእርግጥ በዚህ መንገድ ዘር ይይዝ እንደሆነ ገና የሚጣራ ነገር ነው። ከትላልቅ ሥጋ በሎች እንዲህ ያለ ነገር ተመዝግቦ አያውቅም ነበር።

እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ መስመር ነው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙን የመሠረቱት ክላውዲዮ ሲሌሮ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። እሳቸውም ቀመሱት። ቀበሮዎቹ ሲልሱት ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የባሌ ሰው ወለላውን በውሃ አቅጥኖ ቡና ያጣፍጥበታል፣ ቂጣም ይበላበታል። እኔም እንደ እሳቸው እረኛ አይቼ፣ አበባ ቀምሼ፣ ቀበሮ ከፊቴ ነበር። እኔ አይጥ ስቆጥር ነበርኩ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ለሦስት ቀን እምቢ ብሎ በአራተኛው ገባ። የቤተሰብ፣ የከብት፣ የአገር ሰላም ከተጠያየቅን በኋላ ነገሩን አጫወትኳቸው።

«ቀበሮ ማር ይልሳል ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሰዎቹ ከማን ሰሙት?» አሉኝ።

«ነገሩ የተጀመረው ከእረኛ ልጆች ነው። ባሌ።»

«እዚህም እኮ እረኛ ሞልቷል» አሉ። «ማን ጠየቀን?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ልጅ ጠይቁልኝ አልኳቸው። ወልድያ ወርዶ አክስቱ ጋ ይማራል አሉኝ፤ በጎቹን አሁን የሚጠብቀው ታናሹ ነው።

«ታናሹን ታዲያ?»

«እሱን እንኳ ተወው» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «እሱ ወሬ ይጨምራል። ቀበሮ ጠጅ ሲጠጣ አየሁ ይልሃል።»