ፍለክስን አንድ፣ ሁለት ብዬ ስቆጥር

የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ አንድ ነገር በዓይኔ ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ የሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ቁስ) ቀለበት መግነጢሳዊ ፍለክስን፣ ማለትም በውስጡ የሚያልፈውን የመግነጢስ መስክ መጠን፣ እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ሳንቲም በቁጥር የሚያስተናግድ መሆኑን።

የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን ይህን ቀድሞ ተንብዮታል። እ.ኤ.አ. በ1961 ዲቨርና ፌርባንክ በአሜሪካ፣ ዶልና ነባወር በጀርመን በየፊናቸው ሲለኩት ግን የአንዱ ሳንቲም፣ ማለትም የአንዱ ኳንተም፣ መጠን ለንደን ካሰበው ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚጓዙ የፕላንክ ቋሚ (የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር) የሚካፈለው ለሁለት ኤሌክትሮን ሙል (ቻርጅ) ነው። ውጤቱ 2.07 ፌምቶዌበር (የፍለክስ መለኪያ የሆነው የዌበር እጅግ ጥቃቅን ክፍልፋይ) ገደማ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይሞቃል።

እኔ የሠራሁት ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን በተሠራ ስኩዊድ፣ ማለትም ፍለክስን በሚለካ የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት፣ ነው። በቀለበቱ የሚያልፈው ፍለክስ አንድ ኳንተም በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው 92 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ 77 ኬልቪን የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃዋል።

መጀመሪያ ቀን ስኩዊዱ ያለበትን ቺፕ ፈሳሹ ውስጥ በችኮላ ነከርኩት። ቮልቴጁን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ያለው መስመር ፈዘዘ፣ ወደ ጎንም ተንሸራተተ፤ ሲቀዘቅዝ በዙሪያው የነበረውን የመግነጢስ መስክ አስሮ አስቀርቶ ነበር። የታሰረ ፍለክስ በልመና አይወጣም። ቺፑን አውጥቼ አሞቅሁት፣ የብረት ወንበሩን አራቅሁ፣ መግነጢስ በሚከልለው ሽፋን ውስጥ አድርጌ በዝግታ መልሼ አቀዘቀዝኩት። መስመሩ ጠራ።

ዋናው ፈተና ግን ስሌቱ ነበር። በመስመሩ ላይ ከአንዱ ጉብታ (ከአንዱ የቮልቴጅ ዙር) እስከ ቀጣዩ ያለው የመስክ ልዩነት 82 ናኖቴስላ ነው። በቀለበቱ መሃል ያለው ቀዳዳ ጎኑ 50 ማይክሮሜትር ስለሆነ መስኩን በቀዳዳው ስፋት ሳባዛው ከሚጠበቀው አሥር እጥፍ ያነሰ ቁጥር ወጣ። ሁለት ሌሊት ሙሉ መስኩን የሚፈጥረውን የሽቦ መጠምጠሚያ ጠርጥሬ እንደገና ለካሁት፤ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። የተሳሳትኩት ስፋቱ ላይ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሰፊ የሱፐርኮንዳክተር ገጽ መስኩን ከራሱ ገፍቶ ወደ ቀዳዳው ይሰበስበዋል። ስለዚህ የሚቆጠረው ስፋት የቀዳዳው ጎን በውጪው ጎን ሲባዛ የሚገኘው ነው ማለት ይቻላል። የውጪው ጎን 500 ማይክሮሜትር ነበር።

እንደገና አሰላሁ፤ 2.05 ፌምቶዌበር። ከዚያ በመጠምጠሚያው የሚያልፈውን ጅረት ቀስ እያልኩ ጨመርኩና በኦሲሎስኮፑ መስታወት ላይ በጣቴ ዘጠኝ ጉብታ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ኳንተም።