21 ወይስ 22 ሚሊ ሜትር?

ሐሙስ ማታ።

ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ስለተላመደ ስታፍ (ስታፊሎኮከስ ስለሚባለው ባክቴሪያ) ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ መድኃኒቱ ይሄዳል። «ከዚህ የጠነከረ ምን አለ?» ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣው፣ ማስመሪያ ላይ ያለችው አንዲት ሚሊ ሜትር ናት፤ ላብራቶሪ ውስጥ መድኃኒት በተነከረ ትንሽ ወረቀት (ዲስክ) ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካልና።

ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወይን ዘለላ ይመስላል፤ ስሙም በግሪክኛ ይህንኑ ነው የሚለው። ከ10 ሰው 3 ያህሉ በአፍንጫው ውስጥ ይዞት ምንም ሳይሆን ይኖራል። ችግር የሚሆነው በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ በቀዶ ሕክምና ቁስል ወይም በካቴተር በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ሜቲሲሊን የተባለው የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ፤ በ1961 የማይበገረው ዘር እንግሊዝ አገር መገኘቱ ተዘገበ። ይህ ዘር መክ ኤ የሚባል ጂን አለው። ጂኑ የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚገነባ ሌላ ፕሮቲን ያሠራል፤ የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ደግሞ ይህን ፕሮቲን መያዝ አይችሉም። ስለዚህ የሜቲሲሊን ዘመድ የሆነው ክሎክሳሲሊን አልሠራ ሲል ወደ ሴፍትሪያክሶን፣ ከዚያ ወደ ሜሮፔነም መዝለል ዋጋ መጨመር እንጂ ሕክምና መለወጥ አይደለም። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ዘመዶች ስለሆኑ ያው በር ላይ ነው የሚቆሙት።

ናሙናው ከመጀመሪያው የመድኃኒት መርፌ በፊት መወሰድ አለበት። ለአዋቂ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል። አልኮሉ ቆዳው ላይ እስኪደርቅ ካልተጠበቀ የሚያድገው የቆዳው ነዋሪ ነው። ከዚያ ላብራቶሪው «ስታፍ» ብሎ ይጽፋል፣ ሐኪሙም ይደነግጣል። ከመግል ናሙና ሲወሰድ ደግሞ ላይ ላዩን በስዋብ መጥረግ ከንቱ ነው። ቁስሉ በጨው ውሃ ታጥቦ ከሥሩ በሲሪንጅ ቢቀዳ ይሻላል።

ቀጥሎ ኮአጉሌዝ፣ ኦሬየስን ከሌሎቹ ስታፎች የሚለየው ምርመራ። ባክቴሪያው ፕላዝማ ውስጥ ተጨምሮ በ35 ዲግሪ ይቀመጥና ከ4 ሰዓት በኋላ ቱቦው ቀስ ተብሎ ይዘነበላል፤ የረጋው ኦሬየስ ነው። «ነገ ጠዋት አየዋለሁ» ብሎ መሄድ ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ኦሬየስ ያረጋውን መልሶ ያቀልጠዋል፣ ጠዋትም ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃል። ከ4 ሰዓት በኋላ ያልረጋው ግን እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ይህች ስህተት ትንሽ መስላ ወደ ሚሊ ሜትሩ ትወርዳለች፤ የቆዳው ነዋሪ ስታፍ ኤፒደርሚዲስ እና ኦሬየስ አንድ መስፈሪያ የላቸውምና። 23 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ኦሬየስ ላይ «ይሠራል» ማለት ሲሆን ኤፒደርሚዲስ ላይ «አይሠራም» ነው።

ዲስኩ ላይ ደርሰናል። 30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ነው። ሴፎክሲቲን ለታማሚው የምንሰጠው አይደለም፤ መክ ኤን ቀስቅሶ ስለሚያሳይ ብቻ በክሎክሳሲሊን ዘመድ በኦክሳሲሊን ፈንታ ይለካል። ኦሬየስ ላይ ክቡ 21 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤምአርኤስኤ (ሜቲሲሊንን የተላመደ ኦሬየስ) ነው፤ 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክሎክሳሲሊን ይሠራል። በመካከል የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ስለዚህ ክቡን የሚያጠብና የሚያሰፋ ነገር ሁሉ የታማሚው ጉዳይ ነው። ባክቴሪያው የሚያድግበት ጄል፣ የሙለር ሂንተን አጋሩ፣ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከሳሳ ክቡ ይሰፋል፣ የተላመደው ባክቴሪያ ያልተላመደ መስሎ ያልፋል፤ ከወፈረ ይጠባል። የባክቴሪያው ድፍርስነት ማክፋርላንድ 0.5 ከሚባለው የድፍርስነት መስፈሪያ ጋር ይስተካከልና በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቀባ። የቀጠነ እንደሆነ ክቡ ያለ አግባብ ይሰፋል። ኢንኩቤተሩ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ማሞቂያ ሣጥን) ከ35 ዲግሪ በላይ ከሄደ መላመዱ ሊደበቅ ይችላል፤ «ትንሽ ሞቅ ቢል ምን አለበት» የሚሉትን እዚህ ላይ አልሰማቸውም። ንባቡ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ዲስኩ ራሱም ያረጃል። ከፍሪጅ የወጣ የዲስክ ካርትሪጅ (መያዣ) ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ይይዛል፣ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ክቡ ይጠባል፣ ደህናው ስታፍ ኤምአርኤስኤ ተብሎ ይጻፋል። ከመከፈቱ በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄልም አይጣል። ኤቲሲሲ 25923 የሚባለው መመርመሪያ ዘር ከ23 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ካልሰጠ የዚያን ቀን ውጤት መጻፍ የለበትም። ለኤምአርኤስኤ የሚሰጠውን ቫንኮማይሲን (ቫንኮ) ግን በዲስክ መለካት አይሆንም። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ አጋሩ ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፤ በከፊል የተላመደውን ባክቴሪያ ካልተላመደው አይለይም። ኤምአይሲ (ባክቴሪያውን ከማደግ የሚያግደው ትንሹ የመድኃኒት መጠን) መለካት ያስፈልጋል።

ውጤቱ 22 ሆኖ ቫንኮ ለሚቀጥል ሰው የምለው አለኝ፦ ላልተላመደ ስታፍ ክሎክሳሲሊን ከቫንኮማይሲን ይበልጣል። «ጠንካራው» ደካማ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

21 ከሆነ ቫንኮ ይጀመራል፣ በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ። የሚሰጥበት ፍጥነት በደቂቃ ከ10 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ 1 ግራም ማለት 100 ደቂቃ ነው። ፓምፕ በሌለበት ዋርድ 1 ግራሙን 250 ሚሊ ሊትር ውስጥ አድርጎ መቁጠር ይቻላል፦ የጠብታ ቱቦው ማሸጊያ ላይ 20 ጠብታ ለ1 ሚሊ ሊትር ከተባለ በደቂቃ 50 ጠብታ፣ በ15 ሰከንድ 12 ወይም 13። ሰው ስለበዛ ቶሎ ይለቅ ከተባለ ፊት፣ አንገትና ደረት ይቀላል፣ ያሳክካል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ማሳከኩን መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት እንጂ የአለርጂ ጉዳይ አይደለም፤ ያቆሙታል፣ ሲረጋጋ በቀስታ ይመልሱታል። «ለቫንኮ አለርጂክ» ተብሎ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ግን የሚቀጥለው ሐኪም ያለ መድኃኒት ይቀራል። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሪያቲኒን መከታተልም አይዘለል፤ ኩላሊትን የሚጎዳው ጄንታማይሲን አብሮ ካለ ይበልጥ።

ስለ እጅ ብዙ ተብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በየታማሚው ያልተለወጠ ጓንት ያደረገውን ሰው እጅ ይጠብቃል እንጂ ታማሚን አይጠብቅም። አንድ ጓንት አድርጎ ከአልጋ አልጋ መዞር ባክቴሪያውን በታክሲ ማጓጓዝ ነው። አስታማሚዎችም የጎረቤቱን አልጋ ደግፈው ያነሳሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ። ያንን ደግነት ከመከልከል በሁለቱ አልጋ መካከል አንድ ጠርሙስ አልኮል ሰቅሎ እጅን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ማሳየት ይሻላል።

ደም ውስጥ የገባ ስታፍ ትኩሳቱ ስለወረደ አለቀ አይባልም። ካኑላው ወይም ካቴተሩ ከታማሚው ይወጣል፣ የልብ አልትራሳውንድ ይታያል፣ ደሙም እስኪጠራ በየ24 እስከ 48 ሰዓቱ ካልቸር (ባክቴሪያ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ይደረጋል። ያልተወሳሰበው ቢያንስ 14 ቀን፣ የተወሳሰበው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታከማል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን የመጀመሪያው ንጹህ ካልቸር ከተወሰደበት ዕለት ነው።